በጥምቀት ሰሞን ያበጠ ጉንጭ፤ ጥርሴን ስላከመው ክሊኒክ

የደንበኛዬን ወገብ እየለካሁ ነበር። እጆቿን ከፍ አድርጋ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና «ምነው፣ በአንድ በኩል ብቻ ወፈርሽ?» አለችኝ። ሜትሩን ለቅቄ ወደ መስታወቱ ዞርኩ። ግራ ጉንጬ ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተነፍቷል። ቀኑ ጥር 4 ነው። ለጥምቀት ሰባት ቀን ቀርቷል። ከኋላዬ ያልተሰፋ 23 ቀሚስ ተደርድሯል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ያመጣው ሰው ልብስ ሰፊ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። ቢሆን ኖሮ በጥር የመጀመሪያ ሳምንት እንዲህ ዓይነት ነገር አይወጣውም ነበር።

ይህን የምጽፈው ጥርሴን ስላከመኝ ክሊኒክ ነው። ስሙን አልጠራም። የማመሰግነውም የምወቅሰውም አለኝ፤ ስም ጠርቼ ደግሞ የሰው እንጀራ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ጎንደር መሀል ከተማ፣ ፎቅ ላይ ያለ የግል የጥርስ ክሊኒክ ነው። ይህን ያህል ይበቃል።

ጥርሱን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። 19 ዓመት ሙሉ ክር በጥርሴ ስበጥስ ኖሬያለሁ። መቀሱ እኮ አጠገቤ ነው ያለው! ለጥርሱ መጨረሻ የሆነው ግን የሽንብራ ቆሎ ነው። አንድ ቀን ቀጭ አለ። ከዚያ በኋላ ትኩስ ቡና ስቀምስ ሕመሙ ይጀምራል፤ ስኒውን ካስቀመጥኩ በኋላም አይለቀኝም። ሌሊት ደግሞ ከልቤ ምት ጋር እኩል ይመታል። ቀዝቃዛ ውሃ ስጎነጭ ጋብ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ከውሃ ጠርሙስ ጋር አደርኩ።

እናቴ «ንቀይውና ተገላገይ» አለች። እሷ አራቱን አስነቅላ ተገላግላለች። አሁን ሥጋ የምትበላው በአንድ ወገን ነው፤ እሱን ግን አታነሣም። ማስነቀል ከሩት ካናል፣ ማለትም የጥርሱን ሥር ውስጡን ጠርጎ ከመሙላት፣ በብዙ ይረክሳል፤ እውነት ነው። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ እናንተ ጋ እስኪደርስ ይቀየራል። የታችኛው ትልቁ መንጋጋዬ ስለሆነ ግን አሳዘነኝ። የምበላበት ጥርስ ነው። ማዳን ከተቻለ ይዳን ብዬ ሄድኩ።

ደረጃው ሦስት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ጉልበት የሚያማት እናት ይዛችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ ዕወቁት። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ «እናት፣ ካርድ አለዎት?» አለችኝ። ገና 41 ዓመቴ ነው። ቢሆንም ጨዋ ልጅ ናት። ቦታው ንጹሕ ነው። ወንበሮቹ አይቆረቁሩም። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ የእግር ኳስ ያሳያል። 40 ደቂቃ ጠበቅሁ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። መጀመሪያ ራጅ አስነሣኝና በኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። ጥርሴ ሁለት ሥር አለው። በአንደኛው ጫፍ ላይ ጥቁር ጥላ ይታያል። «እዚህ ውስጥ ያለው ነርቭ ሞቷል፤ በዚህኛው ያለው እየሞተ ነው» አለ። እየሞተ ያለው ነው ሌሊት የሚያስጮኸኝ። የሞተው ዝም ብሏል፣ ግን ከሥሩ ጫፍ አጥንቱን መብላት ጀምሯል። እንዲህ ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ሐኪም አግኝቼ አላውቅም። ይኼ አንድ ነጥብ።

ሥራው ራሱ እውነቱን ልናገር፣ ማረከኝ። በማደንዘዣ ካደነዘዘኝ በኋላ የታመመውን ጥርስ ብቻ ከውጭ አስቀርቶ ሌላውን አፌን በአረንጓዴ ላስቲክ ሸፈነው። ላስቲኩ በፍሬም ተወጥሯል፤ ልክ እንደ ጥልፍ መወጠሪያ። ምራቅ ጥርሱ ውስጥ እንዳይገባ፣ መድኃኒቱም ጉሮሮዬ እንዳይወርድ ነው አለኝ። ከዚያ መርፌ የሚመስሉ ቀጫጭን ሞረዶች አወጣ። መያዣቸው በቀለም የተለየ ነው፤ ነጩ 15፣ ቢጫው 20፣ ቀዩ 25፣ ሰማያዊው 30። እኔም ለሲንጀሬ 14 እና 16 ቁጥር መርፌ ስለምገዛ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት፤ በእርግጥ አፌ ተከፍቶ «አሃ? አሃ?» ነው የወጣኝ። ገብቶት «25 ማለት ጫፉ ሩብ ሚሊሜትር ነው» አለኝ። ሩብ ሚሊሜትር! በዚያ ነው ሦስት ቀዳዳ እስከ ጫፉ የጠረገው። በየመሀሉ በሆነ ፈሳሽ ያጥበዋል። ሽታውን ወዲያው ለየሁት። የቀጠነ በረኪና ነው። ነጭ ሸማ የሚያጥብ ሰው ያንን ሽታ አይስተውም።

አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀ። መድኃኒት ጨመረበት፣ በጊዜያዊ መሙያ ዘጋው። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ነይ፤ ውስጡ ሲደርቅ እንሞላዋለን» አለ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀጠሮውን ካርዱ ላይ ጻፈች። አለቀ። ስለ እብጠት ያነሣ ሰው የለም። «ቢያምሽ ይህን ዋጪ» እንኳ ያለኝ የለም። ወረፋው ብዙ ነበር፤ ይገባኛል። ግን የዚህ ጽሑፍ ወቀሳ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚች ቦታ ነው።

ይህ የሆነው ጥር 2 ነው። ጥር 3 ጥርሱ ላይ ስነክስ ያመኛል፣ ሌላ ምንም የለም። ጥር 4 ከሰዓት ነው መስታወቱ ጉዴን ያሳየኝ። ሲመሽ ጉንጬ ተወጥሮ ይሞቅ ጀመር።

ካርዱ ላይ ሁለት ስልክ አለ። አንዱ ዝግ ነው። ሁለተኛው ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ስድስት ጊዜ ደወልኩ።

ስልክ የማይነሣበት ሰው ወደ ሰፈሩ ይዞራል። ጎረቤቴ እማማ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው መጡ። «ድድሽ ላይ ለጥፊው፤ ያወጣዋል» አሉኝ። በሌላ እጃቸው በጨርቅ የተቋጠረ የጋለ ጨው ይዘዋል፤ ለጉንጬ። እንቢ ማለት ከበደኝ፤ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ሽንኩርቱን ትንሽ አስነካሁት፣ ድዴ ተቃጠለና ተፋሁት። ጨውንም ትንሽ ያዝኩት። ከዚያ ደግሞ የራሴን ሞኝነት ጨመርኩበት። ልጄ ቶንሲል ይዟት በነበረ ጊዜ የተረፈ አሞክሳሲሊን መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሁለት ዋጥኩ። ሁለት ፍሬ! ምን እንዲያደርጉልኝ እንደፈለግሁ አሁንም አላውቅም።

ሌሊቱን ፈራሁ። የምፈራበት ምክንያት አለኝ። ባለፈው ክረምት ሱቄ ፊት ለፊት ሽንኩርት የሚሸጥ ሰውዬ የታች ጥርሱን ታሞ አምስት ቀን በኪኒን ቻለው። በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ከመንጋጋው ወደ አንገቱ ወረደ። ድምፁ ተቀየረ፤ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ ይዞ የሚናገር ይመስል ነበር። ምራቁን መዋጥ አቅቶት በፎጣ ይጠርጋል። ሲተኛ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ቁጭ ብሎ ያድራል። በሌሊት በባጃጅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወሰዱት። አንገቱን ከፍተው መግሉን አፈሰሱለት። ዘጠኝ ቀን ተኛ። ዛሬ ደህና ነው፤ ጠባሳው ግን አገጩ ሥር አለ። በጥርስ ሰው ይሞታል ሲባል ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ጥር 5 ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱን ፎቅ ወጣሁ። ቀጠሮ አልነበረኝም። እንግዳ ተቀባይዋ ፊቴን አይታ «ወይኔ!» አለችና ቀጥታ አስገባችኝ። ወረፋ የያዙ ሰዎችም አልተቆጡም። እንደዚያ ዓይነት ፊት ይዞ ለመጣ ሰው ማን ይቆጣል?

እዚህ ላይ ክሊኒኩን ላመስግን። ዶክተሩ ጥርሱን ከማየቱ በፊት እኔን አየኝ። ሙቀቴን ለካ፤ 37.3 ነው። «ሦስት ጣትሽን አቁመሽ አፍሽ ውስጥ አስገቢ» አለኝ። ገባ። «ውሃ ዋጪ።» ዋጥኩ። «ምላስሽን ወደ ላይ አንሺ።» ከምላሴ ሥር በጣቱ ዳሰሰ፣ ከመንጋጋዬ ሥር ተጫነ፣ ዓይኔን አየ። ነገሩ ሁሉ ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም። ከዚያ ወንበሩን አስጠጋና እያንዳንዱን ለምን እንዳደረገው ነገረኝ።

የታች መንጋጋ ጥርሶች፣ በተለይ የኋለኞቹ፣ ሥራቸው ከምላስ ሥርና ከአንገት ጋር ጎረቤት ነው። መግሉ ወደዚያ ከሄደ የአየር መንገድን ይጫናል። የላይ ጥርስ ከሆነ ወደ ዓይን ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ምራቅ ከተዝረበረበ፣ ድምፅ ከተቀየረ፣ ምላስ ወደ ላይ ከተገፋ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ ወይም ዓይን ከደፈነ ክሊኒክ እስኪከፈት አይጠበቅም። «ወደኔም አትምጪ» አለኝ። «በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።» የሽንኩርት ነጋዴው ፊት ድቅን አለብኝ። አብዛኛው ነበረበት።

ሌላው እዚያ የማያደርስ ግን በዚያው ቀን መታየት ያለበት ነው። ሙቀት ከ38 በላይ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ በየሰዓቱ የሚጨምር እብጠት፣ ድድ ላይ መግል የቋጠረ ነገር፣ ማስታገሻ የማይዘው ሕመም። ስኳር ያለበት ሰው ወይም ሰውነቱ በሌላ ሕመም የተዳከመ ሰው ደግሞ ትንሽ እብጠትም ቢሆን ቶሎ ይምጣ አለ።

«ታዲያ ደህናው የቱ ነው?» አልኩት። ከሩት ካናል በኋላ ለጥቂት ቀናት ሲነክሱ መታመሙ፣ ድዱም ትንሽ ማበጡ ያጋጥማል። ዋናው አቅጣጫው ነው። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን መቀነስ መጀመር አለበት። በሦስተኛው ቀን እየባሰ ከመጣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። የኔው በትክክል እንደዚያ ነበር።

ለምን አበጠ? ሲጠርግ ከሥሩ ጫፍ አልፎ ትንሽ ቆሻሻ ከነተህዋሲያኑ ወጥቷል። ይህ በጥንቃቄ ሲሠራም ያጋጥማል፤ በተለይ ከሥሩ በፊቱኑ ቁስል ካለ። ሰውነት ይዋጋዋል፣ መግል ይሠራል። ጥርሱ በላይ በኩል ተዘግቷል፤ መግሉ መውጫ ሲያጣ ጉንጭን ይገፋል። «ጥፋቱ የኔም ሊሆን ይችላል» አለ። እንዲህ ሲል የሰማሁት ሐኪም እሱ የመጀመሪያው ነው።

መርፌው ዳግመኛ ወጋኝ። በዚህኛው ማደንዘዣው እንደ መጀመሪያው አልያዘም፤ ያመረቀዘ ቦታ ላይ ይደክማል አለኝ። ሊከፍተው ሲጀምር የወንበሩን እጀታ ጨብጬ ነበር። መሙያው ሲነሣ አንድ ነገር ፍስስ አለ። ደም የተቀላቀለበት መግል። ሽታውን እዚህ አልጽፍም፤ ቁርስ ላይ የምታነቡ ትኖራላችሁ። ግን ውጥረቱ በዚያች ቅጽበት ለቀቀ። ጠባብ ቀሚስ ለብሶ የዋለ ሰው ዚፑ ሲከፈትለት እንደሚተነፍሰው ነው የተነፈስኩት። አጥቦ፣ መድኃኒት ጨምሮ መልሶ ዘጋው። ከላይኛው ጥርስ ጋር እንዳይጋጭም ጫፉን ትንሽ ሞረደው።

ከዚያ ያለ አንቲባዮቲክ ሸኘኝ።

እዚህ ላይ ልጣላው ነበር። ይህን ያህል አብጬ፣ ያለ ኪኒን? የከፈልኩትን ያጎደለብኝ መሰለኝ። አስረዳኝ። ጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ከሞተ ደም አይደርስበትም፤ ደም ካልደረሰ የሚዋጥ መድኃኒትም አይደርስም። መንስኤው የሚወገደው ጥርሱን በማጽዳትና መግሉን በማፍሰስ ነው። ትኩሳት ቢኖረኝ፣ እብጠቱ እየተስፋፋ ቢሆን ያዝልኝ ነበር፤ ያኔም ከማጽዳቱ ጋር እንጂ በማጽዳቱ ፈንታ አይደለም። ስለ ሁለቱ አሞክሳሲሊን ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ። «እህቴ፣ የተረፈ መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ የምታስቀምጡት ለየትኛው ዓመት ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መትረፉ ራሱ ጥፋት ነበር፤ ልጄ ስትድን አቋርጠነዋል።

ለሕመሙ ኢቡፕሮፌን ሊያዝልኝ ነበር፤ ጨጓራ እንዳለብኝ ስነግረው ፓራሲታሞል አደረገው። እናንተም ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካለባችሁ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ጉንጩ ላይ ቅዝቃዜ እንጂ ሙቀት እንዳላደርግ ነገረኝ። የእማማ የጋለ ጨው ቀረ። በረዶ የለኝም፤ ሃይላንድ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስገብቼ በነጠላ ጠቅልዬ 15 ደቂቃ እይዛለሁ፣ አሳርፋለሁ። ለአፌ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ። ጨው ወደ ውስጥ ገባ፣ ሙቀት ከውጭ ወጣ፤ ለእማማ እንዲህ ነው ያስረዳኋቸው። ሁለት ትራስ ደርቤ ተኛሁ። ሽሮ ፍትፍትና አጥሚት፣ ለብ ያለ፣ በቀኝ በኩል።

ቤት ስገባ አንድ የራሴን ነገር ጨመርኩ። ሜትሬን ከጆሮዬ ሥር እስከ ከንፈሬ ጥግ አድርጌ ለካሁ። ግራው 13 ሴንቲ፣ ቀኙ 11። ጥር 6 ጠዋት ግራው 12 ሴንቲ ተኩል። ጥር 7፣ 12። ጥር 9፣ 11 ከምናምን። መስታወት ያስፈራራል፤ ሜትር ግን አይዋሽም። ዶክተሩ ሲሰማ ሳቀ፣ ግን ካርዴ ላይ ጻፈው።

አሁን ወቀሳዬን በግልጽ ልናገር፤ ለራሱም ነግሬዋለሁ። «ዶክተር፣ እኔ አንድ ቀሚስ ስሸጥ እንኳ ጥለቱ መጀመሪያ ቀለም ይለቃል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው እጠቢው እላለሁ። እርስዎ የሰው አፍ ሠርተው ምንም ሳይሉ ሸኙኝ። ስልክዎም አይነሣም።» ዝም አለ። ከዚያ የካርዴን ጀርባ ገልብጦ በእስኪርቢቶ የግል ቁጥሩን ጻፈልኝ። ለጥርስ ሐኪም ያ ቀላል ነገር አይደለም። የጥር 5ቱን ሥራም አላስከፈለኝም። ቢሆንም ጥር 4 ማታ የሚያስፈልገኝ የሦስት ደቂቃ ወሬ ነበር፤ «ትተነፍሺያለሽ? ትውጫለሽ? አፍሽ ይከፈታል? እንግዲያው ጠዋት ነይ።» ያንን ባገኝ ነጭ ሽንኩርቱም፣ አሞክሳሲሊኑም፣ ያልተኛሁት ሌሊትም ባልኖሩ።

ሌላ ቅሬታ፤ መጀመሪያ የነገሩኝ ዋጋ ክራውኑን፣ ማለትም የጥርሱን ሽፋን፣ አይጨምርም። ይህን የሰማሁት ጥር 16 ሥሩ ከተሞላ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ የሚሞላው ሮዝ ቀለም ባለው ቀጭን የላስቲክ ክር ነው፤ ሦስት ክር በሦስት ቀዳዳ። ሞያዬ አፌ ውስጥ ሳይቀር ተከተለኝ። እንዲህ የተቦረቦረ መንጋጋ ካልተሸፈነ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ ክራውኑ ጌጥ አይደለም። ከመጀመሪያው አብሮ ቢነገር በጀቴን እቆርጥ ነበር። እናንተ ገና ሳትጀምሩ «ከነሽፋኑ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጣለሁ። ለእጁና ለሐቀኝነቱ አምስት ይገባው ነበር፤ አንዷን ስልኩ በላት። ሁለት ብቻ ልሰጥ ያሰብኩበት ሌሊት ነበር፤ ያኔ ብጽፍ ኖሮ እሳደብ ነበር።

ከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ የመጨረሻዋን ቀሚስ ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ አስረከብኩ። ጉንጬ ከቦታው ተመልሷል። ያቺ በመስታወት ያየችኝ ደንበኛዬ ቀሚሷን ለብሳ ታቦታቱን ተከትላ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ስትወርድ አየኋት። ወገቡ ትንሽ ሰፍቷል። ሜትሩን የለቀቅሁት ያኔ ነው፤ ምን ላድርግ።

ጥር 16 ለመሙላት ስሄድ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በኮምፒውተር የተተየበ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። «ከሩት ካናል በኋላ» ይላል። መቼ መታገሥ፣ መቼ መምጣት፣ መቼ ቀጥታ ሆስፒታል መሄድ። ሁለት ፊደል ተሳስቷል፤ ዝም አልኩ። ትናንት ማታ ደግሞ ስለ ክራውኑ ለመጠየቅ ምክንያት ፈጥሬ በክሊኒኩ ቁጥር ደወልኩ። ሰዓቱ 2 ተኩል ነው። በሁለተኛው ጥሪ ተነሣ።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

«እናት ነኝ» አልኳት።